የተጣፈው ማሊያ

ፎቶ መሰብሰብ የጀመርኩት ከማገዶ ክምር ላይ ነው። መቱ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢውን ሲያጸዳ የተሰባበሩ ወንበሮችና አሮጌ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች አውጥቶ አጥሩ ሥር ከመረ። ያኔ ፎቶ ቤቴን ከከፈትኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የሠርግ አልበም አዘጋጃለሁ። ለመደርደሪያ የሚሆን ጣውላ ባገኝ ብዬ ክምሩን ሳገላብጥ፣ ከአንዱ ሰሌዳ ላይ የእግር ኳስ ፎቶ ተጣብቆ አየሁ። ግብ ጠባቂው አየር ላይ ነው። ኳሷ ከጣቶቹ ጫፍ አንድ ስንዝር ርቃለች። ከኋላው ጃንጥላ የያዘ ሕዝብ ቆሟል። የመቱ ዝናብ ፎቶው ላይ ቀጭን ጭረት ሆኖ ይታያል።

ጣውላውን ትቼ ፎቶውን ይዤ ሄድኩ። በዚያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሌሎች አሥር ለቀምኩ። አባቴ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ የማይሸጥ ነገር ቤት ውስጥ ሲከማች አይወዱም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይተው፣ «እነዚህ ሰዎች ያንተ ምንህ ናቸው?» አሉኝ። ምኔም አልነበሩም። ለምን እንደያዝኳቸው ግን ለእሳቸውም ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም።

ስለ ፎቶዎቹ የሚያውቅ ሰው ጎሬ አለ ብለው የጠቆሙኝ የስፖርት አስተማሪ የነበሩ ደንበኛዬ ናቸው። በሚኒባስ ወጥቼ ቤታቸውን አፈላልጌ አገኘሁ። ሽማግሌው ኢሉባቦር ክፍለ ሀገር በነበረ ጊዜ ለጋዜጣ ዜና ይልኩ የነበሩ ዘጋቢ ናቸው። ከአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ሲመጣ ይዘውት የሚዞሩ፣ ፎቶው ታጥቦ ሲመለስም በየሰሌዳው የሚለጥፉ እሳቸው ነበሩ። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። የዘረጋሁላቸውን ፎቶ ተቀበሉና ፊቱን ሳያዩ ገለበጡት።

«ጋሼ፣ ፊቱ በወዲያ በኩል ነው» አልኳቸው።

«ፊቱንማ ማንም ያየዋል» አሉኝ። «የጋዜጣ ፎቶ ታሪኩ ያለው ጀርባው ላይ ነው።»

ጀርባው ላይ የደበዘዘ ክብ ማኅተም ነበር። ከሥሩ በጽሕፈት መኪና የተጻፈባት ስስ ወረቀት ተለጥፋለች፤ እነማን እንደተጋጠሙና የት እንደሆነ ትናገራለች። ጎን ላይ በእርሳስ የተጫሩ ቁጥሮች አሉ፤ ፎቶው በጋዜጣው ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ የተጻፉ። በፊት በኩል ደግሞ አዘጋጁ በቀይ እርሳስ ያሰመረው መስመር አለ። ከዚህ ወዲያ ያለው ተቆርጦ ይውጣ ማለቱ ነው። እኔ ያን መስመር የልጆች ጨዋታ መስሎኝ በቤንዚን ልጠርገው አስቤ ነበር። ይህንኑ ስነግራቸው ፎቶውን ከእጄ አራቁት።

«እንዳትነካው! ጋዜጣ ቤት መግባቱን የሚመሰክርልህ እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ጎሬ መመላለስ ሆነ ሥራዬ። ያስተማሩኝ ሁሉ ቀላል ነገር ነው፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ከጋዜጣ ላይ የተገለበጠ እንጂ ከፊልም የታተመ አይደለም። የድሮ ፎቶ ጥቁሩ ክፍል ከዘመን ብዛት ብር የመሰለ ውጋገን ያወጣል፤ ዘንበል አድርጎ ማየት ነው። ጠርዙን ምራቅ በነካው ጣት ቢነኩት ሙጫ ሙጫ ይላል፤ የዛሬ ወረቀት እንደዚያ አይልም። አንዱን ምክራቸውን ግን ሳይደግሙልኝ አንድም ቀን አሰናብተውኝ አያውቁም።

«እድፍ ያየህ ሲመስልህ አትቸኩል» ይሉኛል። «ፎቶውን መስኮት ላይ ወስደህ አጋድመው። እድፉ ወረቀቱ ላይ ከሆነ የብርሃኑን ልስላሴ ይሰብረዋል። ካልሰበረው እድፍ አይደለም። ያን ቀን እዚያ የነበረ ነገር ነው።»

አንድ ቀን ስለ አንድ የያዮ ሯጭ አነሱልኝ። ሰውየው መቱ በተደረገ የረጅም ርቀት ውድድር አሸንፎ፣ ክሩን በደረቱ ሲበጥስ የተነሳ ፎቶ ነበረው። «ከዚህ አገር ከወጣው ሁሉ ያን የሚያህል አላየሁም» አሉኝ። ከፊልሙ ሦስት ጊዜ ታትሞ ነበር። አንዱ ጋዜጣው ዘንድ ቀረ፤ የት እንደደረሰ አይታወቅም። አንዱ መቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ዝናብ በላው። ሦስተኛውን፣ አዘጋጁ በቀይ ያሰመረበትን፣ ራሳቸው ለሯጩ በእጁ ሰጥተውታል። ሯጩ ከጥቂት ዓመታት በፊት አርፏል፤ ሚስቱ ግን ያዮ አሉ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ደንበኛ ፊት ቆሜ ካሜራ ደቅኜ ስለ ያዮ አስባለሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

ባለቤትየዋን ያገኘኋቸው ከቤታቸው ፊት ለፊት ቡና አስጥተው ሲያገላብጡ ነው። ቤቱ ከጫካው ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። እንደምን አሉ እናቴ ለማለት «አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁና ከየት እንደመጣሁ፣ ስለ ፎቶው ከማን እንደሰማሁ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። አስገብተው አስቀመጡኝና ከነሰፈፉ ማር በሳህን አቀረቡልኝ፤ ባላቸው ከሰቀሉት ቀፎ የተቆረጠ መሆኑን እየነገሩኝ።

ፎቶው ግድግዳው ላይ በአንድ ምስማር ተሰቅሏል። መስታወት የለውም። የምድጃው ጭስ አቢጫጭቶታል፤ አንዱን ጥግ ነፍሳት በልተውታል። ሰውየው ግን እዚያ ነበር። አፉ ተከፍቷል፣ ሁለት እጁ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ክሩ ደረቱ ላይ ሊበጠስ ተወጥሯል። እግሩ ላይ የሌላ ሰው የሚመስል ሰፊ ጫማ አለ። ከኋላው ሁለተኛ የወጣው ሯጭ ጭቃው ላይ በጉልበቱ ሊወድቅ ነው። ማሩ እጄ ላይ ቀረ፤ መብላቱን ረስቼ ቆሜ ነበር የማየው።

«ይህን ልውሰደውና ላድሰው» አልኳቸው። «ትልቅ አድርጌ፣ መስታወት አግብቼ አመጣለሁ። ምንም አያወጡበትም።»

መረቁኝ። ምስማሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ።

በሁለት ሳምንት ተመለስኩ፤ ባዶ እጄን አልነበረም። አዲሱ ፎቶ ከአሮጌው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ወርቃማ ፍሬም አለው። ጭሱን በኮምፒውተር ጠርጌዋለሁ። ጋዜጣው እንዳወጣው ይሁን ብዬ ቀዩን መስመር ተከትዬ ቆርጬዋለሁ። ከደረቱ ቁጥር ሥር፣ በግራ ጎኑ፣ መዳፍ የምታህል ጠቆር ያለች ነገር ነበረች፤ እርጥበት ነው ብዬ እሷንም አጥፍቻታለሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ሴትየዋ አዲሱን ፎቶ በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። ዝምታቸውን ከደስታ ቆጠርኩት።

«አሮጌውስ?» አሉኝ።

«እሱማ አልቆለታል፣ አዴ። ነቀዝ ገብቶታል፤ እዚህ ቢቀመጥ ይህንንም ያስበላዋል። እኔ ጋ ይቀመጥ።»

«ሁለቱ አንድ ናቸው?»

«አንድ ናቸው። እንዲያውም አዲሱ ይበልጣል።»

ይህን ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የጥጉ ጉዳት የቆየ እንጂ ነቀዝ የሚባል ነገር እንዳልነበረበት አውቃለሁ። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑም ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው የለም። ለዚያ ወረቀት ብዬ አይደለም እንዴ ጭቃውን የወጣሁት? የያኔው ፎቶ አንሺ በጨለማ ክፍሉ በእጁ ያጠበው፣ አዘጋጁ ያሰመረበት፣ ዘጋቢው ይዞ የመጣው፣ ሯጩ ራሱ ምስማር የመታበት ወረቀት እኮ ነው። እኔን ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ነገር ለእሳቸው ምንም እንዳልሆነ አድርጌ ነገርኳቸው። ያን ቀን ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ እያፏጨሁ ነበር።

ወር ገደማ ቆይቶ፣ በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሱቄ መጡ። ሦስት ሰዎች የመታወቂያ ፎቶ ሊነሱ ተራ ይጠብቃሉ። ያን ትልቅ ፎቶ በነጠላ ጠቅልለው፣ ልጅ እንደሚታዘል አዝለውት ነበር። ፈትተው ባንኮኒው ላይ አጋደሙት።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህ ሰውዬ ማን ነው?»

«ባለቤትዎ ናቸው እንጂ፣ አዴ።»

«ፊቱ የእሱ ነው። ማሊያው የማን ነው?»

አልገባኝም። ጣታቸውን በግራ ጎኑ፣ ከቁጥሩ ሥር አሳረፉ።

«የእኔ ሰው የሮጠው በተጣፈ ማሊያ ነው። እዚህ ጋ። የጣፍኩለት እኔ ነኝ። የሰጡት ማሊያ አሮጌ ነበር፤ ጎኑ ተቀዷል። ሌላ የለም አሉት። ጠዋት መኪናው ሳይመጣ ከቀሚሴ ጠርዝ ቀድጄ ጣፍኩለት። ከተጋባን ሁለት ወራችን ነበር። እኔ ሩጫውን ለማየት አልሄድኩም፤ መሳፈሪያ አልነበረኝም። የሄደችው መጣፊያዬ ናት።»

ጎንበስ ብዬ አዲሱን ፎቶ አየሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«እግሩንስ የት አደረስከው? ጫማው የወንድሜ ነበር። ሰፍቶት ጨርቅ ጠቅጥቆ ነው የሮጠበት።»

ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ሳቀ።

«ይስተካከላል፣ አዴ» አልኳቸው። «እድፍ መስሎኝ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ አትሜ አመጣለሁ።»

«አሮጌውን ስጠኝና ልሂድ።»

«አሮጌው ተበላሽቷል ብዬዎት አልነበረም? ሁለቱ እኮ አንድ ናቸው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። አንድ ያልገባቸውን ነገር የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት።

«አንድ ከሆኑ፣ አንተ ለምን አዲሱን አልወሰድክም?»

ሌላ ውሸት ጨመርኩ። ፎቶው እዚህ የለም፣ ጎሬ ሽማግሌው ዘንድ ነው አልኩ። ፎቶው ከቆምኩበት አንድ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ብረት መሳቢያው ውስጥ ነበር።

«ቶሌ» አሉ፤ እሺ እንደማለት። ነጠላቸውን አጣጥፈው፣ ትልቁን ፎቶ ባንኮኒው ላይ ትተውት ወጡ።

ደንበኞቹን እንዴት እንደሸኘሁ አላስታውስም። መሳቢያውን ከፍቼ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወሰድኩና አጋደምኩት። ብርሃኑ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ሳይሰበር ፈሰሰበት። በማጉያው ሳየው ስፌቷ ታየኝ። ሰፋፊና ወጣ ገባ፣ የቸኮለ ሰው ስፌት። ሽማግሌው በየጊዜው የሚነግሩኝን አንድ ነገር፣ በሚያስፈልግበት በአንዱ ቀን አላደረግሁትም።

ይህን ያየ ሰው በማግስቱ ያዮ ሄደ የሚል ይኖራል። አልሄድኩም። ያደረግሁትን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ያንን ካለፍኩት ሌላው ምን ይረባል? ቁጭ ብዬ ሐሰተኛ ሠራሁ። ወፍራም ወረቀት መርጬ በልኩ አተምኩ። መጣፊያዋን፣ ጫማውን፣ ነፍሳት የበሉትን ጥግ ሳይቀር አስገባሁ። ሻይ ውስጥ ነክሬ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ቀዩን መስመር በቀይ እርሳስ አሰመርኩ። በመጨረሻ ምስማር ወስጄ፣ በቦታው፣ በዚያው ውፍረት ቀዳዳ መታሁበት። ጀርባውን ባዶ ተውኩት፤ አያዩትም ብዬ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ኩራት ተሰማኝ። ኩራቱን ነው እስከ ዛሬ ያልረሳሁት።

እንደዚያም ሆኖ ያዮ ከመሄዴ በፊት ጎሬ ወጣሁ። ለራሴ የነገርኩት፣ ሽማግሌውን ልፈትናቸው ነው ብዬ ነው። ዛሬ ሳስበው የሚያስቆመኝ ሰው ፈልጌ ይመስለኛል።

ሽማግሌው ሐሰተኛውን ተቀብለው ገለበጡት። ባዶውን ጀርባ አዩ። ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው ጠርዙን ነኩ፤ ከዚያ ጣታቸውን አሹ።

«ይህን የሠራ እጅ ሙያ ያውቃል» አሉ። «ለማን ነው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሩን፣ ነቀዙን፣ መሳቢያውን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እኔ ያን ፎቶ የሰጠሁት ለሰውየው ነው» አሉ። «መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ ብፈልግ እኔም መሳቢያ ነበረኝ።»

«እዚያ ጭሱ ይጨርሰዋል፣ ጋሼ። የቀረው እሱ ብቻ ነው።»

«ይጨርሰው ይሆናል። ይህን ነግረህ ለምነሃቸዋል?»

አልለመንኩም። እውነቱን ተናግሬ ብለምን እምቢ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው የዋሸሁት።

«እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት አንተን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አሉኝ፣ ፎቶውን እየመለሱልኝ። «እሳቸውን ማን አስተማራቸው?»

በሦስተኛው ቀን እውነተኛውን ይዤ ያዮ ሄድኩ። መስታወት ያለው፣ ከኋላው የሚከፈት ፍሬም አሠርቼለት ነበር። ሴትየዋ እንጨት ሲከምሩ ደረስኩ። ከመቀመጤ በፊት ተናገርኩ፤ ፎቶው ጎሬ እንዳልነበረ፣ ነቀዝ እንዳልገባው፣ ለራሴ ፈልጌ እንደዋሸሁ።

«ጎሬ አለመሆኑን አውቄያለሁ» አሉ። «ስትነግረኝ ዓይንህ መሳቢያው ላይ ነበር።»

ፎቶውን ተቀብለው መጀመሪያ ያዩት ጎኑን ነው። መጣፊያዋን በአውራ ጣታቸው በመስታወቱ ላይ ዳሰሷት። ከዚያ ፍሬሙን ሲገለብጡ፣ ከኋላ ከፈትኩላቸውና ጽሑፉን አዩ።

«ይህ ምን ይላል? ስንት ዓመት ተሰቅሎ ጀርባውን ገልብጦ ያነበበልኝ የለም።»

ጽሑፉ በአማርኛ ነበር፤ ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ገበሬው ሯጭ ያለ ብዙ ድካም ተፎካካሪዎቹን ጥሎ አንደኛ መውጣቱን ይናገራል።

«ያለ ድካም?» ብለው ሳቁ። «ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስታውከው ጭንቅላቱን የያዝኩት እኔ! ጉልበቱ ከዚያ ቀን ወዲህ አልዳነም። ዳግመኛም አልሮጠም። ቀይዋ መስመርስ?»

«ጋዜጣው ላይ እዚህ ጋ ተቆርጦ ነው የወጣው።»

«እግሩ ሳይኖር?»

«አዎ።»

«ታዲያ በምን ሮጠ አሉ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ነገሩን እንዳላበቃው ገባኝ። ያን ቀን ውኃ ሰጡኝ፤ ማር አልቀረበም። ፎቶውን ከጭሱ የራቀ ግድግዳ ላይ እንስቀለው ብል እምቢ አሉ። ምስማሩ የነበረበትን ቀዳዳ አሳዩኝ፤ እዚያው መታሁት። መስታወቱን ግን ተቀበሉኝ።

ሐሰተኛውን አልቀደድኩትም። ጀርባው ላይ በማይለቅ ቀለም «ቅጂ ነው፤ የሠራሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጽፌ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ የማትመው የድሮ ፎቶ ሁሉ ጀርባው ላይ እንዲሁ ይጻፍበታል። መሰብሰቡን አልተውኩም፤ ማንም የማይፈልገው፣ ሊጣል የተዘጋጀ ፎቶ ዛሬም አያመልጠኝም። ሰው ግድግዳ ላይ ያለውን ግን እዚያው በካሜራ አንስቼው፣ የት እንዳለና ማን እንደያዘው ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ኖፓ ውስጥ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቤት የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ፎቶ አለ፤ ከኋላው ማኅተሙ እንኳ አልደበዘዘም። በዓመት አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼው እመለሳለሁ። አባቴ ይህን ሲሰሙ፣ «አሁን ደግሞ የሌለህን ትሰበስብ ጀመርክ» ብለው ሳቁብኝ።

ትክክል ያደረግሁ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ የማልሆንበት ቀን ግን አለ። ክረምት ሲገባ የዚያ ቤት ጣሪያ ትዝ ይለኛል። ያን ወረቀት ደረቅ መሳቢያ ውስጥ ባስቀምጠው ከእኔ በኋላ ይኖር ነበር። እዚያ ግድግዳ ላይ ግን ከእሳቸው በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ፍላጎቴም አልሞተም፤ አሁንም ሳስበው እጄን ይበላኛል።

ባለፈው ዓመት በያዮ ሳልፍ ጎራ አልኩ። መስታወቱም እያለ የላይኛው ጥግ ቢጫነቱ ወደ መሐል ገብቷል። ላለመናገር ሞክሬ አልቻልኩም።

«አዴ፣ ፎቶው እያረጀ ነው» አልኳቸው።

«እኔስ መች ቆምኩ?» አሉኝና ጨርቅ አቀበሉኝ። መስታወቱ ላይ የጋገረውን ጥላሸት ጠርጌ፣ ፍሬሙን አቃንቼ ወጣሁ።